ጋማው ቀጥ ብሎ የቆመው ፈረስ እውነት የዱር ነው? የፈረስ ወዳጆች ግቡ

ዳማ_ዳንግላ (ክሩን የከፈተ)

እንዴት ሰነበታችሁ የፈረስ ወዳጆች። ሰሞኑን ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ ሲዘዋወር አየሁና ለአባቴ አሳየሁት። ገላጣ ሜዳ ላይ ቡላ ፈረሶች ተበትነው ይግጣሉ። አንገታቸው ወፍራም፣ እግራቸው አጠር ያለ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው፤ የአፋቸው ጫፍ ዱቄት የነካው ይመስላል። ጋማቸው ወደ ጎን አልተኛም፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግንባራቸው ላይ የሚወርድ ፀጉር የሚባል የለም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከኮርቻ ያልወረደ ሰው ነው። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና «ጋማውን ማነው እንዲህ የከረከመው? ጥሩ እጅ አለው» አለ። ማንም አልነካውም፣ የሞንጎልያ የዱር ፈረስ ነው፣ ዘሩ ኮርቻ አያውቅም ይላሉ ስለው ሳቀብኝ። «ባለቤት የሌለው ፈረስ የጅብ ራት ነው፤ ውርንጭላውማ አንድ ሌሊት አያድርም» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

እውነቱን የሚያውቅ ይንገረኝ። ደግሞ ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከከተማችን መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጋሪ ሲስብ ኖሮ ማንከስ ሲጀምር የተለቀቀ ፈረስ ሞልቷል። እነዚህን ሰብስበን ጮቄ ላይ ብንለቃቸው ልጅ ልጆቻቸው እንደዚያ ይሆናሉ ወይ? ቀልዴን አይደለም።

የባንጃ_ልጅ

አባትህ ልክ ናቸው። ፈረስ ከሰው ጋር ነው የተፈጠረ። ጥር 23 እንጅባራ ብቅ በልና ፈረስ ምን እንደሆነ እይ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ፣ አባሉ ከ50 ሺህ በላይ ነው። እኛ አገር ሰርግ በፈረስ፣ ለቅሶ በፈረስ፣ ቤተ ክርስቲያን በፈረስ ነው። ጉግሱን ተወው፣ ገና ኮርቻውን ይዤ ስወጣ ፈረሴ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቀኛል። ያለ ሰው የሚኖር ፈረስ ካለ ወይ ጌታው ሞቶበታል ወይ ተሰርቆ አምልጧል። ሞንጎልያ ምንትስ የሚሉት ለቱሪስት ነው።

የከብት_ሐኪም (ደብረ ማርቆስ)

ዳማ፣ ቪዲዮው እውነት ነው። ሞንጎሎቹ ታኺ ይሉታል። የቀረው ዓለም የሚጠራው ግን ኒኮላይ ፕርዠቫልስኪ በሚባል ሩሲያዊ አሳሽ ስም ነው፤ የጦር መኮንንም ነበር። ሰውየው ወደ መካከለኛው እስያ ሲመላለስ የአንዱን ቆዳና ራስ ቅል አግኝቶ ወደ አገሩ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1881 ፖልያኮቭ የተባለ ተመራማሪ ያንን ተመልክቶ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀው። ሞንጎሉ ግን ከዚያ በፊትም ሲያየው ኖሯል።

ቁመቱ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ነው፣ ክብደቱ 300 ኪሎ አካባቢ። ከእኛ ፈረስ ጎን ቢቆም በቁመት ብዙም አይራራቁም። ልዩነቱ ግንባታው ላይ ነው፤ ራሱ ትልቅና ከባድ፣ አንገቱ ደንዳና ነው። ከጋማው ተነስቶ እስከ ጭራው የሚሄድ ጥቁር መስመር ጀርባው ላይ አለው፣ እግሮቹም ላይ ደብዘዝ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የጋማውን ነገር አባትህ መጠየቃቸው የባለሙያ ዓይን ስላላቸው ነው። የእኛ ፈረስ ጋማ እያደገ እያደገ ሄዶ ይተኛል፤ የታኺው ግን በየዓመቱ ከሰውነቱ ፀጉር ጋር ይረግፍና በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ለመተኛት የሚበቃ ርዝመት አያገኝም።

ለባንጃው ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ። የማንኛውም የቤት ፈረስ፣ ያንተም ይሁን የእንግሊዝ ንጉሥ፣ ክሮሞዞሙ (በሕዋሱ ውስጥ ያለው ዘር የሚያወርሰው ክር) 64 ነው። የታኺ 66 ነው። ይህን በኮርቻና በልጓም አታመጣውም።

እታለም_ቡሬ

ዶክተር፣ የአህያስ ስንት ነው? በቅሎ የማትወልደው በዚህ ምክንያት ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር።

የከብት_ሐኪም

እታለም፣ ጎሽ። አህያ 62፣ ፈረስ 64፣ በቅሎ መካከል ላይ 63። ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ዘር ለማውጣት ሲከፈል ጥንድ አይገጥምላትም። በዚያ ላይ የአህያና የፈረስ ዘር ከመራራቁ የተነሳ አንዱ ከሌላው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ጥቂት ነው። አባቷን ሲጠይቋት እናቴ ፈረስ ናት የምትለዋ በቅሎ ብትወልድ ኖሮ ምን ትል ነበር።

የሚገርመው ግን ታኺና የቤት ፈረስ ቢዳቀሉ የሚወለደው 65 ክሮሞዞም ይዞ እንኳ ይወልዳል። የቁጥሩ ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ሁለት ክሮሞዞም ተጣብቆ አንድ በመሆኑ የመጣ ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር ግን ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሩቅ አይደሉም፣ የአጎት ልጆች ናቸው። የታኺ ጠባቂዎች ትልቁ ፍርሃትም ይኸው ነው፤ የእረኛ ፈረስ መሃላቸው ከገባ ዘሩ ተቀላቅሎ ይጠፋል።

የባንጃ_ልጅ

እሺ ይሁን፣ አለ እንበል። ታዲያ እንዴት ነው እስከ ዛሬ ሳይገራ የቀረው? ሞንጎል ፈረስ አያያዝ አያውቅም ልትለኝ ነው? ዓለምን የገዙት በፈረስ አይደል እንዴ።

የከብት_ሐኪም

ሞንጎሎች ፈረስ የሚጋልቡት የቤት ፈረስ ነው፣ ያንተው ዓይነት። ታኺን ልጓም ማስገባት ከብዷቸዋል፤ ተይዞም እምብዛም አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. ከ1900 አካባቢ ጀምሮ አውሮፓውያን ለእንስሳት መጠበቂያቸው ሲፈልጉት ትልቁን መያዝ ስላልቻሉ ውርንጭላውን ነበር የሚያሳድዱት። እናትና ድንጉላው ሲከላከሉ ተገደሉ፣ ከተያዙት ውርንጭላዎችም ብዙዎቹ መንገድ ላይ አለቁ።

የቀረውን ደግሞ አደን፣ የእረኞች ከብት ግጦሹንና ውሃውን መሻማቱ፣ እጅግ የከፉ የብርድ ዓመታት ተደራርበው ጨረሱት። በጎቢ በረሃ ዱር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ አንድም አልነበረም። በአጥር ውስጥ የነበሩትም ቢሆኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወደ 30 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ታኺ በሙሉ፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋው፣ ዘሩ የሚቆጠረው ከዱር ከተያዙ 12 ፈረሶች ነው፤ የጥቂት የቤት ፈረስ ደምም ገብቶበታል።

እታለም_ቡሬ

12 ብቻ? እንግዲያ ወንድም ከእህቱ እየተጋባ ነው የበዛው ማለት ነው። እኛ ቤት ባዝራ ስናስጠቃ እንኳ ድንጉላው ከሌላ ቀበሌ እስኪመጣ ነው የምንጠብቅ።

የከብት_ሐኪም

ዋናው ችግራቸው ይኸው ነው። ለዚህ ብለው የእያንዳንዱን ፈረስ ትውልድ የሚመዘግብ መዝገብ አላቸው፤ የትኛዋ ባዝራ ከየትኛው ድንጉላ ትጠቃ የሚለውን አገር ከአገር ተመካክረው ይወስናሉ። እናንተ ከቀበሌ ቀበሌ የምታደርጉትን እነሱ ከአህጉር አህጉር ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በ1980 በረዶ ውስጥ ከተቀመጠ የአንድ ድንጉላ የሕዋስ ናሙና ውርንጭላ አስወለዱ፤ የተሸከመችው አሜሪካ ቴክሳስ ያለች የቤት ባዝራ ናት። ያ ድንጉላ የያዘው ደም ከመንጋው ሊጠፋ የደረሰ ስለነበር ነው ይህን ሁሉ የደከሙት።

ዳማ_ዳንግላ

ቆይ ግን ዶክተር፣ ዱር ላይ አልቆ ከነበረ ቪዲዮው ላይ ያየሁት ምንድን ነው?

የከብት_ሐኪም

የተመለሱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከአውሮፓ በአውሮፕላን ተጭነው ሞንጎልያ ገቡ። አንዱ ቡድን ከዋና ከተማዋ ከኡላንባታር ብዙ ወደማይርቀው ወደ ሁስታይ፣ ሌላው ወደ ጎቢ በረሃ ዳርቻ ሄደ። እንደደረሱ ሜዳ ላይ አልበተኗቸውም። መጀመሪያ ሰፊ አጥር ውስጥ ቆይተው ብርዱንና ሣሩን ለመዱ፣ መንጋ መሠረቱ፣ ከዚያ ነው በሩ የተከፈተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛክስታንም 7 ፈረሶች ተቀብላለች፤ ከፕራግና ከበርሊን የእንስሳት መጠበቂያዎች ነው የሄዱት።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወደ 2010 በተሻገረው ብርድ፣ ጎቢ ላይ ከነበሩት ሲሶው ብቻ ነው የተረፈ። እነሱ አገር ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይወርዳል። በረዶው ሣሩን ሲሸፍን ታኺ በሰኮናው እየጫረ ይገጣል። ያን ዓመት ግን በረዶው ከመጠን በላይ ሆነ።

ተጠራጣሪው

ዶክተር ጥሩ ታስረዳለህ፣ ግን አንዱን ዘለኸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት ታኺ «እውነተኛ የዱር» የሚባለውን ነገር አፈረሰ። ካዛክስታን ውስጥ ቦታይ በሚባል ቦታ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ፈረስ ያረቡ ነበር፤ ማሰሮአቸው ላይ የፈረስ ወተት ቅባት ተገኝቷል፣ የፈረስ አጥንት በመቶ ሺዎች ነው የተቆፈረ። የእነዚያን ፈረሶች ዘር ሲመረምሩት የዛሬውን የቤት ፈረስ አይመስልም። የሚመስለው ታኺን ነው። ስለዚህ የታኺ አያት ታስሮ የታለበ ፈረስ ነበር፤ ኋላ አምልጦ ዱር ገባ። የባንጃው ልጅ «አምልጧል» ሲል እኮ ብዙም አልሳተም።

የባንጃ_ልጅ

ተባረክ! አልኩ አላልኩም?

የከብት_ሐኪም

ቸኩለሃል የባንጃው። ጥናቱ ያሳየው የቦታይ ፈረስና ታኺ አንድ ዘር መሆናቸውን ነው፤ እሱን ማንም አይክድም። የቦታይ ሰዎች ፈረሱን ገርተውታል ወይስ እያሳደዱ አድነውታል የሚለው ላይ ግን ክርክሩ ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ጥርሳቸው ላይ የታየው መፋቅ የልጓም ምልክት አይደለም፣ በተፈጥሮም ይመጣል ብሎ ተከራክሯል። አደን ከሆነ ታኺ ከጥንት ጀምሮ የዱር ነው። ማርባት ከሆነ ደግሞ ከተፈታ 5 ሺህ ዓመት ሆኖታል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፣ አንተ ወደ ሁለተኛው።

የዛሬው የቤት ፈረስ ግን ሌላ ቦታ ነው የተገኘ። በዚያው በ2021 በወጣ ትልቅ ጥናት መሠረት ከቮልጋና ከዶን ወንዞች አካባቢ፣ ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት ተነስቶ በጥቂት ምዕተ ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳርሷል። የአገው ፈረስም የዚያ ዘር ነው።

የባንጃ_ልጅ

አሁን ደግሞ ፈረሳችን እንግዳ ነው ልትለን ነው?

የከብት_ሐኪም

እንግዳ ነው፣ ምን ይደረግ። አገራችን ራሷ ያስገኘችው ብትለኝ አህያን ነው የማቀርብልህ። አህያ የተገራው ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ነው፤ አያቱ የዱር አህያም ዛሬ አፋር በረሃ ላይ በጣት የሚቆጠር ቀርቷል። ሰው ግን ለታኺ ያለቀሰውን ሩብ እንኳ ለዱር አህያ አያለቅስም። ከሁሉም ያናድደኛል።

ጋሪ_ነጂው (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሞቼ ሁላችሁም ስለ ሞንጎልያ ታወራላችሁ፣ ዳማ የጠየቀውን የተለቀቀ ፈረስ ማንም አልመለሰለትም። እኔ የማውቀው እሱን ነው። ፈረስ በቀን ጤፍ፣ ሲሚንቶ፣ ሰው ሲጭን ይውላል። ትከሻው ይላጣል፣ ጀርባው ገጣባ ይሆናል፣ ዝንብ ያርፍበታል። ገጣባው እንኳ ይድናል፤ ሰኮናው ነው የሚጨርሰው። ከአስፋልት ሲላተም ይሰነጠቃል፣ ሚስማር ይገባበታል፣ መግል ይቋጥራል፣ ያነክሳል። የመኖና የቤት ኪራይ ያልደረሰለት ሰው በሌሊት ወስዶ ከከተማ ዳር ይለቀዋል። ጠዋት ቆሻሻ ክምር ላይ ፌስታል ሲያላምጥ ታገኘዋለህ። ለምን እንደሚለቀው ይገባኛል፣ ደግ ነው ግን አልልም። እንዲህ ያለውን ፈረስ ጮቄ ወስደህ የምትለቀው ዱር እንዲገባ ነው? እስከ ድጎ ጽዮንም በእግሩ አይደርስ።

አያ_ድጎ (ድጎ ጽዮን)

ልጆቼ፣ የእናንተን ጽሑፍ ልጄ እያነበበልኝ ነው። ስለ ጮቄ ስለጠየቃችሁ እኔ ልናገር።

ጮቄ እናንተ እንደምታስቡት ባዶ ተራራ አይደለም። ገብስና ድንች የማይታረስበት ዳገት ጥቂት ነው። ከላይ ጓሳውም ባለቤት አለው፤ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፣ ለገመድ ይሆናል። ጅብራ ከቆመበት በላይ ውርጩ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የእኛ ፈረስ ውርጩን ይችለዋል። ሥራ ሲቀልለት ወደ ወል ግጦሽ ይወጣል፣ ማታ ግን ይገባል። ካልገባ ጅብ ያገኘዋል።

አንድ ጊዜ አምስት ስድስት ፈረስ ጉም ይዟቸው ውጭ አደሩ። ከባልንጀራዬ ጋር ፋኖስ ይዘን ወጣን። ስንደርስ ውርንጭላይቱን መሃል አድርገው፣ ራሳቸውን ወደ ውስጥ፣ ዳሌአቸውን ወደ ውጭ ሰጥተው ክብ ሠርተው ቆመዋል። አሮጊቷ ባዝራ ብቻ ጆሮዋን እያሽከረከረች ትጮሃለች። ጅቡ ከበላያቸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ያን ማንም አላስተማራቸውም፤ ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ ቤት ያደጉ ናቸው።

ዳማ_ዳንግላ

አያ፣ ዕድሜ ይስጥልን። አባቴ ይህን ቢሰማ ከስልኩ አይላቀቅም ነበር። ያ ክብ መሥራት የታኺም ነው ዶክተር?

የከብት_ሐኪም

አያ እንዳሉት ነው፤ አንቱ ያዩትን ሞንጎልያ ያሉት ጠባቂዎችም ይጽፉታል። እዚያ የሚመጣው ጅብ አይደለም፣ ተኩላ ነው። ሁስታይ ላይ ውርንጭላ ከሚገድሉ ነገሮች ዋነኛው እሱ ነው።

ስለ አኗኗራቸው ካነሳን ላስፋው። መንጋው አንድ ድንጉላ፣ ጥቂት ባዝራና ልጆቻቸው ናቸው። ድንጉላው መሪ ነው ብለን የምናስበው ፊልም ስለምናይ ነው፤ ስፍራው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወይም ከዳር ነው፣ የራቀውን ይመልሳል፣ የመጣውን ይገጥማል። ወዴት እንሂድ የሚለውን አንዱ ብቻ አይወስንም። ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው ሲመዘግቡ ከመነሳታቸው በፊት ብዙዎቹ ወደዚያው አቅጣጫ መዞርና መራመድ ይጀምራሉ፤ አዘንባዮቹ ሲበዙ መንጋው ይነሳል።

ወንዱ ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ያባርረዋል። የተባረሩት ጎረምሶች ተሰባስበው የራሳቸው ቡድን ይሆናሉ፤ ሲናከሱ፣ ሲራገጡ፣ ትግል ሲለማመዱ ውለው አንድ ቀን አንዱ ከሽማግሌ ድንጉላ መንጋ ይቀማል። ሴቷም አድጋ ወደ ሌላ መንጋ ትሄዳለች፤ እታለም የጠየቀችውን የወንድምና እህት ነገር ዱር ላይ የሚፈታው ይኸው ነው። ድንጉላ ሁሉ የራሱ የፋንድያ ክምር አለው፤ ያልፋል፣ ያሸታል፣ ይጨምርበታል፣ ሌላው መጥቶ ያንኑ ያደርጋል። የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው በሉት።

ባዝራዋ ከ11 ወር በላይ ታረግዛለች፣ የምትወልደውም በአብዛኛው ብርዱ አልፎ ሣሩ ሲወጣ ነው። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆሞ ይሄዳል፤ ካልቆመ ለተኩላ ነው። ከቀኑ ግማሽ የሚሆነው በግጦሽ ያልፋል። በብርድ ወራት ደግሞ ሰውነታቸው ኃይል ይቆጥባል፤ የልብ ምታቸውና የቆዳቸው ሙቀት ዝቅ ይላል፣ እንቅስቃሴያቸው ይቀንሳል። እንቅልፍ ግን አይደለም፣ እየገጡ ነው።

እታለም_ቡሬ

የፋንድያውን ነገር የእኛም ድንጉላ ያደርገዋል፤ በረቱ ማዕዘን ላይ አንዲት ቦታ አለችው፣ ስናጸዳት ይናደዳል። ታዲያ ይህን ሁሉ ጠባይ የቤቱም ይዞት ካለ፣ ዱር ለመግባት የሚጎድለው ምንድን ነው?

የሐረሩ_ጎጃሜ

እኔ እዚህ ልግባ። ትውልዴ ቢቸና ነው፣ ሥራ ሐረር አድርሶኛል። ዳማ ጮቄ ላይ ብንለቅ ያልከው አገራችን ውስጥ ሆኗል። ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከሐረር ወደ ፉኛን ቢራ ሲኬድ ኩንዱዶ የሚባል አምባ አለ፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። እዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ለዘመናት ኖረዋል። የአገሩ ሰው ስለ አመጣጣቸው የሚያወራው ከግራኝ ጦርነት ጀምሮ ነው፤ ሌሎችም ወሬዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 አጥኚዎች ወጥተው ሲቆጥሯቸው 11 ነበሩ። የኢትዮጵያ ፈረሶች ስምንት ዓይነት ተብለው ሲመደቡም የኩንዱዶው ራሱን ችሎ ተጽፏል።

ታኺ ግን አይደሉም። ጋማቸው የተኛ ነው፣ የቤት ፈረስ ዘር ናቸው። ችግራቸውም ጅብ ሳይሆን ሰው ነው። አናቱ ላይ ያለውን ሣርና ውሃ የመንደሩ ከብት ይጋራዋል፣ የመንደሩ ፈረስም አብሯቸው ይግጣል። 11 ፈረስ ላይ ይህ ሲጨመር አስቡት።

ተጠራጣሪው

አሜሪካም «የዱር» የሚሏቸው ሙስታንጎች ያው ናቸው፤ ስፓኞች ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይዘዋቸው የሄዱ የቤት ፈረሶች ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1971 በሕግ ተጠብቀው ዛሬ ከመብዛታቸው የተነሳ መንግሥት በሄሊኮፕተር እያሳደደ ይሰበስባቸዋል። ቦታ ካለና አዳኝ ከሌለ የትኛውም ፈረስ ይዱራል።

የከብት_ሐኪም

አዳኝ ባለበትም ይሆናል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የዳማ አባት የጠየቁት ጅብ መልሱ ናሚቢያ አለ። ጋሩብ የሚባል በረሃ ላይ የጀርመን ቅኝ ገዢዎች ፈረሶችና በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 አካባቢ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ያመጣቸው ፈረሶች ተበትነው ቀሩ። መቶ ዓመት ያለ ጌታ ኖረዋል። ያኖራቸው ለባቡር ተብሎ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ነው። እኛ አገር ያለው ዝንጉርጉሩ ጅብ እዚያም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ በነበሩት ዓመታት የተወለደውን ውርንጭላ ሁሉ ማለት ይቻላል እየበላ ዓመት የሚሞላው ሲጠፋ መንጋው ከመቶ በታች ወረደ። አባትህ «ውርንጭላው አንድ ሌሊት አያድርም» ያሉት ለዚያ አገር ሊሠራ ምንም አልቀረው።

እንግዲህ እታለም ለጠየቀችው፦ ጠባዩ አይጎድለውም፤ የሚጎድለው መሬቱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሉ መንጋው። ከጋሪ የተፈታ ፈረስ አብዛኛው ወንድ ነው፣ ከፊሉም የተኮላሸ። ባዝራ የሌለበት መንጋ በሃያ ዓመት ያልቃል። ውሃ ጉድጓድ ላይ የሚጠብቀው፣ ከገበሬ ጋር የማይሻማበት ሜዳ ጎጃም ላይ አሳዩኝና እኔ አብሬአችሁ እወጣለሁ።

አያ_ድጎ

የለም። ቢኖር እኛ እናርሰው ነበር።

የባንጃ_ልጅ

ዶክተር፣ ለታኺ አንድ ነገር ልስጠው፤ ካልገራ አልገራም፣ እሱን አከብራለሁ። የአባ ኮስትር በላይ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር መስመር የእኛም ቡላ ፈረስ ላይ አለ። የአጎቴ ቡላ ከጋማው እስከ ጭራው ድረስ አለው፣ እግሩም ላይ ጉልበቱ ጋ ትንሽ መስመር መስመር አለ። ከታኺ ተዳቅሎ ነው?

የከብት_ሐኪም

አይደለም። ያ መስመር የአብዛኛው የጥንት ፈረስ መልክ ነው፣ ከቡላው ቀለም ጋር አብሮ የሚሄድ። ሰው ፈረስን ገርቶ ዳማውን፣ አምባላዩን፣ ጉራቻውን እየመረጠ ሲያራባ በሌሎቹ ላይ ጠፋ፣ በቡላው ላይ ቀረ። አህያዋም ጀርባ ላይ አለ፣ ትከሻዋ ላይ የሚያቋርጠው ተጨምሮበት። የአጎትህ ቡላ ክሮሞዞሙ 64 ነው፣ አትጨነቅ፣ ገበያም አያወርድበትም።

የባንጃ_ልጅ

እሱን አንሸጠውም።

ጋሪ_ነጂው

ዶክተር፣ ሁሉም ሲያልቅ የእኔን አንድ ነገር ስማኝ። የፊት ቀኝ እግሩን ከትናንት ጀምሮ እየነካካ አይረግጥበትም፤ ሰኮናው ሲነካ ይሞቃል። ሚስማር አላየሁም። ጨው በሞቀ ውሃ እያልኩለት ነው።

የከብት_ሐኪም

ሙቀት ካለው ውስጡ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ጨው ውሃው አይከፋም፣ ግን መግል ከሆነ ሰኮናው በባለሙያ ተፍቆ መፍሰስ አለበት፤ በቢላዋ ራስህ እንዳትሞክረው። ጋሪውን ፍታና ደረቅ ቦታ አቁመው። እዚያው ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ነገ በጠዋት ውሰደው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ጠይቅ፤ የሰኮና ቁስል ያለበት ፈረስ ያለ እሱ አይተውም። አድርሰህ ስትመለስ እዚሁ ጻፍልኝ።

ጋሪ_ነጂው

እሺ ጌታዬ። ለሊት 12 ሰዓት እነሳለሁ።

ዳማ_ዳንግላ

የኩንዱዶን ፎቶ ያለው ሰው ይለጥፍልን። የሐረሩ ጎጃሜ፣ አንተ ነህ ቅርብ።

የሐረሩ_ጎጃሜ

ከርቀት ያነሳኋት አንዲት አለችኝ፣ ስልኬ ሞቷል። መብራት ሲመጣ።